የኤልሳቤጥ ዘመን የእንግሊዝ ቤት ፎቶ ስታዩ ከየት ትጀምራላችሁ

ብዙ ሰው እነዚህን በቀዳማዊት ንግስት ኤልሳቤጥ ዘመን (1558–1603) የተሰሩ ቤቶች ሲያይ ቤተ መንግስት ነው ብሎ ያልፋቸዋል፣ ግን አብዛኞቹ የባለስልጣንና የሀብታም መኖሪያ ናቸው። በ1530ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አባቷ ንጉስ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲዘጋ መሬታቸው ሹማምንቱ እጅ ገባ፣ ሎንግሊት የሚባለው ትልቅ ቤት ራሱ የተሰራው ገዳም በነበረበት ቦታ ነው።

እኔ ሁሌ የምጀምረው ከመስኮት ነው። ያኔ መስታወት ውድ ስለነበር ሀብታም ገንዘቡን የሚያሳየው በመስኮት ነበር። ሃርድዊክ ሆል የሚባለውን ቤት (1590–1597) ፈልጉና የፊት ለፊቱን ፎቶ አጉሉት፣ ቤስ የምትባል አራቴ ያገባች ሀብታም ሴትዮ ያሰራችው ነው። መስኮቶቹን ከታች ጀምራችሁ ስታዩ ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር እየረዘሙ ይመጣሉ፣ ዋናዎቹ የእንግዳ ክፍሎች ላይኛው ፎቅ ላይ ስለሆኑ ነው። ያን ሁሉ መስታወት ግድግዳው እንዴት ቻለው ካላችሁ፣ ጭስ ማውጫዎቹን የውስጥ ግድግዳ ውስጥ ስለከተቷቸው ውጪው ለመስኮት ተረፈ። ማማዎቹ አናት ላይ ደግሞ የራሷ ስም መነሻ ፊደላት በድንጋይ ተቀርጸው ሰማዩ ላይ ጉብ ብለዋል፣ ሴትዮዋ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም መሰለኝ።

ቀጥሎ ፎቶውን በጣታችሁ መሀል ለመሀል ክፈሉት፣ ግራና ቀኙ እኩል ከመጣ ሬኔሳንስ (ከጣልያን የተነሳው፣ የጥንት ሮማን የሚከተል አሰራር) ነክቶታል ማለት ነው። ግን እንዳትሸወዱ! ሞንታኪዩት የሚባለው ቤት ከውጪ እኩል ነው፣ በሩም መሀል ላይ ነው፣ ስትገቡ ግን አዳራሹ እንደ ድሮው ወደ አንድ ጎን ነው ያለው፣ ልብሱን ቀየሩ እንጂ አኗኗራቸውን አልቀየሩም። ፕላኑ የላቲኑን ኢ ፊደል የሚመስለው ለንግስት ኤልሳቤጥ ክብር ነው የሚሉም አሉ፣ እኔን አይዋጥልኝም፣ ሁለት ክንፍና መሀል ላይ ወጣ ያለ በረንዳ ካለ ቅርጹ በራሱ ይመጣል።

ጌጡ ላይ ስትደርሱ ተቆርጦ የተጠማዘዘ የቆዳ ቀበቶ የሚመስል ቅርጽ ፈልጉ፣ ከፍላንደርስ (ከዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ) የንድፍ መጽሐፍት የመጣ ነው፣ ዎላተን ሆል (1580–1588) በሱ ተሞልቷል። እኔን ግን የሚያስቀኝ በርግሊ የሚባለው ቤት ነው፣ ጣሪያው ላይ የቆሙትን ረጃጅም የሮማ ዓምዶች ጠጋ ብላችሁ ስታዩዋቸው ለካ ጭስ ማውጫ ናቸው።

ውስጡን የሚያሳይ ፎቶ ካገኛችሁ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የጀሶ ስራና በእንጨት የተለበጠውን ግድግዳ እዩ፣ ከዛ ሎንግ ጋለሪ የሚባለውን ረጅምና ጠባብ አዳራሽ። የሞንታኪዩቱ 52 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ዝናብ ሲሆን ወዲያ ወዲህ እያሉ የሚንሸራሸሩበት ነው።

ማማ የሌለው፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ የሚመስል፣ ነጭና ጭምት ቤት ካጋጠማችሁ ግን ሌላ ዘመን ውስጥ ገብታችኋል፣ አርክቴክቱ ኢኒጎ ጆንስ ጣልያን አይቶ መጥቶ በ1616 ለንደን ግሪንዊች ላይ የጀመረው ኩዊንስ ሃውስ («የንግስቲቱ ቤት») የሚባለው እንደሱ ነው፣ እዛ ላይ ቀበቶም ፊደልም አትፈልጉ።