ትንሽ ፓርቲ ለሁለት ሲሰነጠቅ ወረቀቱ እንዴት ይያዛል

ትንሽ ፓርቲ ውስጥ ጠብ በፕሮግራም ላይ አይነሳም ማለት ይቻላል። የሚነሳው በገንዘብ፣ በማኅተምና በወንበር ነው። በተለይ ፖፑሊስት በሆነው ፓርቲ፣ በየመድረኩ «ሕዝቡ ከእኔ ጋር ነው» ሲል የኖረ ሊቀመንበር ኦዲት ሲጠየቅም ያንኑ ይደግማል። ሥራ አስፈጻሚው በቴሌግራም ያግደዋል፤ በሳምንቱ ሁለት ሊቀመንበርና ሁለት ማኅተም ይኖራል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ወረቀት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ምርጫ ቦርድ ዘንድ የተመዘገበውን መተዳደሪያ ደንብ አውጡ። በስልክ የሚዞረው ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ ያልጸደቀ ረቂቅ ነው። አራት ነገር ፈልጉበት፦ ጉባኤ የሚጠራው ማን ነው፣ ጥሪው ስንት ቀን ይቀድማል፣ ምልዓተ ጉባኤው (ውሳኔ እንዲጸና መገኘት ያለበት የሰው ቁጥር) ስንት ነው፣ የሚያግደውና የሚያሰናብተው አካል አንድ ነው ወይስ ሁለት። እገዳና ስንብት ይለያያሉ። ማገድ ብቻ የተፈቀደለት ሥራ አስፈጻሚ ሰው ሲያሰናብት፣ ያውም ክሱን በጽሑፍ ሳይሰጥና መልሱን ሳይሰማ፣ ጥፋተኛውን ሰው ተበዳይ አድርጎ ያቆመዋል።

ቀጥሎ ጉባኤ። ቦርዱን አስቀድማችሁ በደብዳቤ አሳውቁ፤ ግልባጩ ላይ የመዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን ይረፍበት። ሕወሓት በነሐሴ 2016 ቦርዱ ሳይታዘበው ያካሄደው ጉባኤ እውቅና አላገኘም፤ ትልቁን ያላለፈ ትንሹን አያልፍም። ሰዓቱንም አስቡበት። ድሬዳዋ ላይ ከቀትር በኋላ የተጠራ ስብሰባ ሙቀቱና በርጫው ይበሉታል፤ ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አለ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ጥሩት፤ ድምፅ መስጠቱ ከ6 ሰዓት በፊት ይለቅ።

ክርክሩ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ነው። የስም ዝርዝሩ ላይ ሙሉ ስም፣ የአባልነት ቁጥር፣ ስልክ፣ የገባበት ሰዓትና ፊርማ ይኑር። ስብሰባው ተራዝሞ ምሳ ላይ የወጣ ሰው ካለ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት እንደገና ቁጠሩ፤ ጠዋት የሞላ ምልዓተ ጉባኤ ከሰዓት ላይሞላ ይችላል። 30 ስም በአንድ እስክርቢቶና በአንድ እጅ ተጽፎ ከተገኘ ተቃዋሚው ወገን መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው፤ ከዚያ ነገሩ ከፓርቲ ጉዳይ ወጥቶ ሐሰተኛ ሰነድ ወደሚል ወንጀል ይሄዳል። ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ በቁጥር ይጻፉ። «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» አይበቃም። ለገጾቹ ቁጥር ስጡ፤ ሰብሳቢውና ጸሐፊው እያንዳንዱን ገጽ ይፈርሙ። ባዶ የቀረ መስመር ካለ ሰርዙት፣ በኋላ የሚሞላው አይጠፋም።

የጉባኤው ውጤት ለቦርዱ በሸኚ ደብዳቤ ይገባል። በጥር 2007 በአንድነትና በመኢአድ ፓርቲዎች ውስጥ ከተፋለሙት ቡድኖች ለአንዱ ወገን ቦርዱ እውቅና ሲሰጥ ስሙም ማኅተሙም አብሮ ሄደ። የተረፈው ወገን «የራሳችንን እንመሠርታለን» ቢል ሒሳቡ ቀላል አይደለም፦ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ለክልላዊ ፓርቲ 4,000፣ ለአገር አቀፍ 10,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ።

ባንኩን አታዘግዩት። ሁለት የሚቃረኑ ደብዳቤዎች የደረሱት ባንክ ሒሳቡን ይይዛል፤ የቢሮ ኪራይና የጥበቃ ደሞዝ ይቆማል። ፈራሚ ሲቀየር ደብዳቤው ከቃለ ጉባኤው ጋር በዚያው ሳምንት ይግባ። ለጠበቃ የተሰጠ ውክልናም ካለ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ሻሩት። ይህን የሚረሱት ብዙ ናቸው፣ የተነሳው ሊቀመንበር የወከለው ጠበቃም በፓርቲው ስም መከራከሩን ይቀጥላል።

ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የት እንደምትሄዱ እወቁ። ድሬዳዋ የከተማው ፍርድ ቤትና የፌዴራል ፍርድ ቤት ጎን ለጎን አሉ፤ የከተማው ሥልጣን በቻርተሩ የተወሰነ ነው። ሐረር ደግሞ የክልሉ ፍርድ ቤት ነው። ተሳስቶ የገባ መዝገብ «ሥልጣን የለኝም» እስኪባል ወራት ይበላል። እግድ ከጠየቃችሁ በቃለ መሐላ አስደግፉት፣ ካልታገደ ምን እንደሚበላሽም በዝርዝር ጻፉ፦ የትኛው ሒሳብ፣ የትኛው ንብረት፣ በማን እጅ።

ቢሮውስ? ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ክፍል የተከራየው በፓርቲው ስም ነው ወይስ በሊቀመንበሩ? በግለሰቡ ስም ከሆነ ቁልፉን መስበር አትሞክሩ፤ ጠረጴዛና መዝገቡን በደረሰኝ ጠይቁ። በፓርቲው ስም ሆኖ ሌላው ወገን ቁልፍ ከቀየረ ግን መንገዱ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ነው፤ ሁለት ዓመት ካለፈ አይሰማም። ቁልፉ የተቀየረበትን ቀን የሚመሰክር ጎረቤት ወይም ጥበቃ ስም ዛሬውኑ ያዙ።