ግማሽ ዕድሜን በ64 ሳንቲም

እሁድ ዕለት እዚህ አዳማ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን ሳለ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። 12ኛ ክፍል ናት። «የአዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ነው። ስለዚህ በ16 ቀን ሙልጭ ብሎ ያልቃል አይደል?» አለችኝ። አያልቅም። ግማሽ ዕድሜ ማለት እንደ አዮዲን 131 በራሳቸው ከሚፈርሱ አተሞች ግማሹ እስኪፈርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። እኔም በሷ ዕድሜ ፈተና ላይ እንደዚሁ ጽፌ ነበርና አልሳቅሁባትም። ቀመሩን ከመሸምደድ በእጅ መሞከር ይሻላል፣ እናንተም ሞክሩት።

ከሰፈር ሱቅ 64 ባለ 1 ብር ሳንቲም ዘርዝሩ። ባለሱቁ ዝርዝር የለኝም ካለ ባጃጅ ሹፌር ጠይቁ። ሳንቲሞቹን ጆግ ውስጥ ከታችሁ በደንብ ናጡና ሰፌድ ላይ ገልብጡ። አንበሳው ወደ ላይ የዞረበትን ሁሉ አንሱ፣ እሱ «ፈርሷል»። ባነሳችሁት ልክ አንድ አንድ ባቄላ ሌላ ሳህን ላይ አስቀምጡ። ባቄላው ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል። የተረፉትን ቆጥራችሁ ጻፉ፣ መልሳችሁ ናጡ።

የኛ እንዲህ ወጣ፦ 64፣ 35፣ 16፣ 9፣ 3፣ 2፣ 2፣ 0። ልክ ግማሽ ግማሽ አይመጣም፣ በተለይ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ይዘበራረቃል። አንድ ውርወራ 8 ቀን ነው ብላችሁ ቁጠሩ። በ16 ቀን ሩቡ ይቀራል። በ80 ቀን፣ ማለትም በ10 ውርወራ፣ ከ1024 እጅ አንዱ።

አሁን ዋናው ነገር። አምስት ውርወራ የተረፈ ሳንቲም «ደክሞታል፣ ቀጥሎ ተራው የሱ ነው» ብላችሁ ታስባላችሁ? ዕድሉ አሁንም ግማሽ በግማሽ ነው። አተምም አያረጅም። የትኛው መቼ እንደሚፈርስ ማንም አያውቅም፣ ብዙ ሲሆኑ ግን ስንቱ እንደሚቀር በደንብ ይታወቃል። ቡናው ላይ የቀረበው ፈንድሻ ትንሽ ይመስለዋል፣ የቱ ፍሬ ቀድሞ እንደሚፈነዳ አታውቁም። ልዩነቱ ፈንድሻ እሳት ሲበዛበት ይቸኩላል፣ ኒውክለስን (የአተሙን እምብርት) ግን ምድጃ ላይ ብትጥዱት ግድ የለውም።

ሳንቲሙን በለስላሳ ቆርኪ ቀይራችሁም ሞክሩ። ቆርኪ በሁለቱ ገጹ እኩል አይወድቅም፣ ስለዚህ ወደ ግማሽ ለመውረድ የሚፈጅበት ውርወራ ይለያል። እሱ ሌላ አይሶቶፕ (በኒውትሮን ብዛት የሚለይ የአንድ ንጥረ ነገር አተም) እንደማለት ነው፣ የራሱ ግማሽ ዕድሜ አለው። ለሆስፒታል ምርመራ የሚውለው ቴክኒሺየም 99ኤም 6 ሰዓት ነው፣ ካርቦን 14 ደግሞ 5,730 ዓመት። ዩራኒየም 238 ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል።

ወደ ባቄላው እንምጣ። የፈረሰ አተም በኖ አይጠፋም፣ ሌላ ነገር ይሆናል። ካርቦን 14 ቤታ (ፈጣን ኤሌክትሮን) አውጥቶ ናይትሮጅን 14 ይሆናል። ዩራኒየም 238 አልፋ ሲያወጣ 2 ፕሮቶንና 2 ኒውትሮን ይዞበት ይሄድና ቶሪየም 234 ይሆናል። ጋማ የሚባለው ጨረር ሲወጣ ጉልበት ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ የፕሮቶንና የኒውትሮን ቁጥር አይነካም። ታዲያ ሰፌዱን ያላየ ሰው ሳንቲሙንና ባቄላውን አመዛዝኖ ስንት ጊዜ እንደወረወራችሁ መገመት ይችላል። የሉሲም ዕድሜ የታወቀው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት በካርቦን 14 ቢለካ ወደ 558 ውርወራ ይሆናል፣ የኛ 64 ሳንቲም በ7 አለቀ! ስለዚህ ሐዳር ላይ የተለካው አጥንቷ ሳይሆን አብሮ የተገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ፖታሺየም 40 አለ፣ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከፊሉ አርጎን ይሆንና ክሪስታሉ ውስጥ ታምቆ ይቀራል። ባቄላው እሱ ነው።

ፊሽንን፣ ማለትም የኒውክለስ ለሁለት መሰንጠቅን፣ ከዚህ ጋር አታምታቱ። ሳንቲሙን ማንም አልመታውም፣ በራሱ ነው የወደቀው። ፊሽን ግን እንደ ብይ ጨዋታ ነው፣ መቺ ይፈልጋል፣ መቺው ኒውትሮን ነው። ዩራኒየም 235 ሲመታ ለምሳሌ ባሪየም 141 እና ክሪፕተን 92 ሆኖ ይሰነጠቅና 3 ኒውትሮን ይረጫል። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነውና ደምሩት፦ 235 እና መቺው 1፣ 236። በሌላው ወገን 141፣ 92 እና 3፣ ያው 236። ሦስቱ ኒውትሮኖች ሌሎቹን ከመቱ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ብዮቹን አራርቃችሁ ደርድሩና መቺውን ልቀቁ፣ አብዛኛው ይስታል። አጠጋግታችሁ ደግሞ ሞክሩ።