ራውተርና ስዊች ሲያስቸግሩ፦ ችግርና መፍትሄ ለአዳማ ቤቶች፣ ሱቆችና ፔንሲዮኖች

ራውተር ኢንተርኔቱን ተቀብሎ ለቤቱ የሚያድለው ሣጥን ነው። እዚህ ስዊች የምለው ደግሞ የመብራት ማብሪያውን ሳይሆን ብዙ የኔትወርክ ኬብል የሚሰካበትን ማከፋፈያ ሣጥን ነው። አዳማ ውስጥ ኔትወርክ እምቢ ሲል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሴቲንግ ውስጥ አይደለም። መብራት ነው፣ ሙቀት ነው፣ አቧራ ነው፣ ኬብል ነው። ስለዚህ ስልክ አውጥቶ ሴቲንግ ከመጎርጎር በፊት ከግድግዳው ሶኬት ጀምሩ። ቀጥሎ አዳፕተሩን፣ ቀጥሎ ኬብሉን እዩ። ሴቲንግ መጨረሻ ነው። ከታች ያሉትንም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው ያስቀመጥኳቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከጀርባ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ መውጋት መፍትሄ አይደለም። ሪስታርት አጥፍቶ ማብራት ነው፣ ምንም አይጠፋባችሁም። ሪሴት ግን የዋይፋይ ስሙንም ፓስወርዱንም፣ መስመሩ ሲገባ የተሞላውን ዩዘርኔምም ጠራርጎ ይወስዳል። ያ ዩዘርኔም በወረቀት ተጽፎ እጃችሁ ላይ ከሌለ አትንኩት። ካለም መጀመሪያ ሌላውን ሁሉ ሞክሩ።

«መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ራውተሩ አልበራም»

በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሞተው አዳፕተሩ እንጂ ራውተሩ አይደለም። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ለቅጽበት ከፍና ዝቅ ይላል። ያንን ዱላ መጀመሪያ የሚቀበለው አዳፕተሩ ነው። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ቻርጀሩ ከሠራ ተጠርጣሪው አዳፕተሩ ነው።

አዲስ ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ላዩ ላይ የተጻፈው ቮልት ከአዲሱ ጋር አንድ መሆን አለበት። አምፔሩ ግን እኩል ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ችግር የለውም። የ12 ቮልት 1 አምፔር ራውተር በ12 ቮልት 2 አምፔር በደንብ ይሠራል። ሶኬቷ ገባች ብሎ መግዛት ግን ጣጣ ያመጣል፤ የ9 እና የ12 ቮልት አዳፕተሮች ጫፋቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። 12 ቮልት ለ9 ቮልት ራውተር ከሰጣችሁ ሊያቃጥለው ይችላል። ተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ይበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ምልክቷንም አመሳክሩ።

ለወደፊቱ፣ መብራት ሲጠፋ ንቀሉ፤ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ተራ ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ አይከላከልም። ቀይ አምፖል ስላለው ብቻ አትመኑት። ሱቅ ወይም ፔንሲዮን ላላችሁ ለራውተሩ ብቻ የምትሆን ትንሽ የባትሪ ዩፒኤስ ማድረግ ትልቅ ስታቢላይዘር ከመግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። መብራት ሲጠፋም ኢንተርኔቱ ይቀጥላል።

«ስዊቹን ስነካው ይነዝረኛል»

ይሄንን በቀልድ አትለፉት። ብረት አካል ባላቸው ስዊቾችና በራክ (ዕቃዎቹ በሚደረደሩበት የብረት መደርደሪያ) ላይ የሚታይ ነገር ነው። በእጅ ጀርባ ሲነካ እንደ መንቀጥቀጥ ያለ ስሜት ይሰማል።

መንስኤው የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ኧርዝ፣ አለመኖሩ ነው። ስዊቹ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ የመስመሩን ረብሻ ሲያጣራ በጣም ጥቂት ከረንት ወደ ብረቱ አካል ያሳልፋል። ያ ከረንት በኧርዝ በኩል መሬት መግባት ነበረበት። መውረጃ ሲያጣ የነካው ሰው መውረጃ ይሆናል። ይህ ቀላሉ መንስኤ ነው። ከባዱ ደግሞ ውስጥ የተላጠ ሽቦ ብረቱን ሲነካ ነው። ያ ይገድላል። ሁለቱን በስሜት መለየት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት። ሶኬቱም የሚያስፈራ ከሆነ ከቆጣሪው አጥፉ።

ከዚያ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። በሜትር ሲለካ በላይን (ኃይሉን በሚያመጣው ሽቦ) እና በኧርዝ መካከል 220 ቮልት አካባቢ፣ በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) እና በኧርዝ መካከል ደግሞ ከጥቂት ቮልት ያልበለጠ ማግኘት አለበት። የሚበራው ቴስተር ብቻውን ስለ ኧርዝ አይነግራችሁም። ኤሌክትሪሺያኑ «ቀላል ነው» ብሎ ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከኒውትራሉ ጋር ቢያገናኝ እሺ አትበሉ። መነዘሩ ይቆማል፣ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ኒውትራሉ ቢላቀቅ የስዊቹ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ትክክለኛው ሥራ መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግና ከእሱ የሚመጣ ሽቦ ነው። የስዊቹን ሦስተኛ እግር ቆርጦ ባለ ሁለት ሶኬት ላይ መሰካትም ያው ነው፣ አታድርጉት።

«ከምሳ በኋላ ይቆራረጣል፣ ማታ ደህና ነው»

ሙቀት ነው። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ አካባቢ ነው። የአዳማ የውጪ ሙቀት እዚያ ባይደርስም፣ ኮርኒስ ላይ ከቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ስዊች ግን በቀላሉ ያልፈዋል። በተዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ያለውም እንዲሁ። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፦ ዳንቴል። ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ይለብሳል፣ ራውተሩም አይቀርለትም። እማማ ቢቆጡም አንሱት።

አቧራውን አትርሱ። ከከተማው ዳር የንፋስ ተርባይን የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ንፋስ አቧራውን ይዞ በስዊቹ ቀዳዳዎች ይገባል። ነቅላችሁ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። እርጥብ ጨርቅ አይሁን። ግድግዳ ላይ አየር በሚያገኝበት፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ስቀሉት። ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ከሶኬቱና ከማብሪያው ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ጎን ያለውን መስመር ራቁ፤ የመብራት ሽቦ የሚያልፈው በዚያ ነው።

«ኬብሉ ተሰክቷል፣ ግን ፍጥነቱ 100 ላይ ቀጥ አለ»

100 ሜጋቢት የሚሠራው በአራት ሽቦ ነው። ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱም ዕቃ ጊጋቢት ሆኖ 100 ካሳየ ከስምንቱ አንዱ አልያዘም ማለት ነው። ጫፉን ቆርጣችሁ እንደገና ክሪምፕ አድርጉ፣ ማለትም አዲስ መሰኪያ በመቆንጠጫ እሰሩበት። ቅደም ተከተሉ በሁለቱም ጫፍ አንድ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። የተጠማዘዘውን ብዙ አትፍቱት፣ አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ይበቃል።

ክሪምፑ ደህና ሆኖ አሁንም ካልሠራ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ይሄው ነው። ሲታጠፍ ይሰበራል። በኬብሉ በኩል ካሜራ የምታበሩ ከሆነ ደግሞ ይሞቃል። ኮርኒስ ውስጥ የተላጠ ቦታ ካገኛችሁ አይጥ ናት፤ ኬብሉን በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፉት። የመብራት ሽቦ ባለበት ቱቦ ግን አይሁን። ርዝመቱም ከ100 ሜትር አይለፍ።

«መብረቅ ከመታ ወዲህ ሁለት ፖርት ሞቷል»

የሞተ ፖርት፣ ማለትም ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ አይጠገንም፣ ተዉት። መጠየቅ ያለበት ከየት ገባ የሚለው ነው። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪሱ ወይም ወደ ጎረቤት ሱቅ በግቢ በኩል የተዘረጋ የመዳብ ኬብል ካለ መንገዱ እሱ ነው። መብረቁ በቀጥታ መምታት የለበትም፣ አጠገብ ቢወድቅም ይበቃል። በሁለት ሕንፃ መካከል ፋይበር (በመስታወት ክር ብርሃን የሚያሳልፍ ኬብል) ዘርግታችሁ በሁለቱ ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር (ብርሃኑን ለመዳብ ኬብል የሚለውጥ ዕቃ) አድርጉ። መስታወት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በክረምት ደመናው ሲጠቁር የመብራቱንም የስልክ መስመሩንም ንቀሉ። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ኬብል አትንኩ።

«ቀይ መብራት ያበራል»

ፋይበሩ በገባበት ሣጥን ላይ ቀይ መብራት ከበራ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው። ቀጭኑ ገመድ ተጨቁኖ ወይም ተሰብሮ እንደሆነ በዓይን ፈትሹ። ጫፉን ነቅላችሁ ወደ ውስጥ አትመልከቱ፤ ጨረሩ አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል። መስመሩ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውሉ።

«ሁሉም መብራት ባንዴ ይርገበገባል፣ ኢንተርኔት ግን ማንም የለውም»

የስዊቹ መብራቶች እንደ ሠርግ ቤት አምፖል አንድ ላይ ካበዱ ሉፕ ነው። አንድ ሰው የተንጠለጠለ ኬብል አይቶ «ወድቆ ነው» ብሎ ሰክቶታል። የኬብሉ ሌላኛው ጫፍ ግን እዚያው ስዊች ላይ ነበር። የተላከው መልእክት እየዞረ ይባዛና መስመሩን ይሞላዋል። ኬብሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። መብራቱ የተረጋጋበት ኬብል ወንጀለኛው ነው። ከዚያ በየኬብሉ ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ የት እንደሚሄድ ጻፉ። ሴቲንግ ያለው ስዊች ከሆነ ሉፕን የሚያግደውን ስፓኒንግ ትሪ የሚለውን አብሩት።

«ዋይፋዩ ይገናኛል፣ ኢንተርኔት የለም»

እዚህ ነው ሴቲንግ የሚመጣው። የስልኩን የዋይፋይ ዝርዝር ከፍታችሁ አይፒ አድራሻውን፣ ማለትም ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚያድለውን ቁጥር፣ እዩ። የሌላው ሰው በ192.168.1 ሲጀምር የእናንተ በ192.168.0 ከጀመረ ቤቱ ውስጥ ሁለት አድራሻ አዳይ አለ። ዋይፋይ እንዲደርስ ተብሎ ጓዳ የተጨመረው ሁለተኛው ራውተር ነው። እሱ ላይ ዲኤችሲፒውን (አድራሻ የሚያድለውን ክፍል) አጥፉ፣ አድራሻውን 192.168.1.2 አድርጉ፣ ኬብሉን ደግሞ ዋን ከሚለው ሳይሆን ላን ከሚለው ፖርት ላይ ሰኩ። ላፕቶፕ ላይ በ169.254 የሚጀምር ካያችሁ ደግሞ አዳዩ ጭራሽ አልመለሰም ማለት ነው።

ፔንሲዮንና ሆቴል ያላችሁ ይሄን በደንብ አንብቡ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ጠዋት ደህና የነበረው ዋይፋይ ማታ እንግዳው ሲገባ «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» ብሎ ይቆማል። ሪስታርት ሲደረግ ይስተካከላል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ሰው ራውተሩ አረጀ ይላል። አላረጀም፣ አድራሻው አልቆበት ነው። ራውተሩ ከ192.168.1.100 እስከ 199 እንዲያድል ከተሞላ ያለው 100 አድራሻ ብቻ ነው። 60 ተሰብሳቢ ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ 120 ይፈልጋል። የኪራይ ጊዜው (አንድ አድራሻ ለአንድ ዕቃ ተይዞ የሚቆይበት) 24 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ትናንት የሄደው እንግዳ አድራሻ ዛሬም ተይዟል። ሪስታርት የሚያስተካክለው ብዙ ራውተሮች ያኔ መዝገቡን ስለሚረሱት ነው።

የዲኤችሲፒውን ክልል ከ192.168.1.10 እስከ 250 አስፉት፤ 241 አድራሻ ይሆናል። የኪራይ ጊዜውን ወደ 2 ሰዓት አውርዱት። ለአዳራሹ ለብቻው አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) ስቀሉ፤ አንድ የቤት ራውተር ያን ሁሉ ሰው አይሸከምም። ብዙ አክሰስ ፖይንት ካላችሁ በ2.4 ጊጋሄርትዝ ላይ ቻናል 1፣ 6 እና 11ን አከፋፍሉ።

«ፓስወርድ ብቀይርም ሰው ይገባል»

ደብሊውፒኤስ የሚለውን (ፓስወርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን) አጥፉት፤ ፒኑ ስምንት አሃዝ ብቻ ስለሆነ ይሰበራል። የዋይፋይ ፓስወርድና የራውተሩ የራሱ የመግቢያ ፓስወርድ ይለያያሉ። ሁለተኛው እስካሁን አድሚን ከሆነ የገባ ሁሉ አዲሱን የዋይፋይ ፓስወርድ ከፍቶ ያየዋል። ሁለቱንም ቀይሩ፣ ደኅንነቱን ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 ላይ አድርጉ። ከውጪ መቆጣጠርን የሚፈቅደውንም ዝጉ። ለእንግዳ የእንግዳ ኔትወርክ ክፈቱ፣ የካሸሩ ኮምፒውተርና ካሜራው ከዚያ ውጪ ይሁኑ። ፈርምዌር (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) ስታድሱ በኬብል ይሁን። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ቀን ግን አትጀምሩት፤ መሃል ላይ ከጠፋ ራውተሩ ላይነሳ ይችላል።