ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገዝቶ ለማከራየት

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ቤት ገዝተው ሊያከራዩ ካሰቡ፣ ለደላላ ከመደወልዎ በፊት ሂሳቡን ይሥሩ። ለምሳሌ ባለ አንድ መኝታው በ3 ሚሊዮን ብር ተገዛ፣ ፊኒሺንጉ 300 ሺህ፣ ስም ማዛወሪያውና ሌላው ወጪ 200 ሺህ ፈጀ እንበል። በወር 15 ሺህ ቢከራይ፣ በ12 ሳይሆን በ11 ወር ያባዙት፤ ተከራይ ሲቀየር ቤቱ ባዶውን ይከርማል። 165 ሺህ ይሆናል። ለጥገናና ለብሎክ መዋጮ 25 ሺህ ሲቀነስ 140 ሺህ ይቀራል፤ ይህም ከግብር በፊት፣ በጠቅላላ ካወጡት 3.5 ሚሊዮን ብር 4 በመቶ ብቻ ነው። ያው ገንዘብ ባንክ በ7 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ 245 ሺህ ያስገባል። የቤቱ ዋጋ ያድጋል ብለው ካልሆነ በቀር ለኪራዩ ብቻ ሲሉ አይግዙ፤ ወይ ዋጋውን በደንብ ያስቀንሱ።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በወረቀት ነው። በእጣ የተገኘ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ክልክል በመሆኑ፣ «በውክልና እንጨርስ» የሚል ሻጭ አይጠፋም። አይስማሙ። ሻጩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ እርስዎም ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይገናኛሉ። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት ፊት መደረግ አለበት። ከዚያ በፊት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ የባንክ እዳው መዘጋቱንና እገዳ አለመኖሩን መዝገቡ ካለበት ጽሕፈት ቤት ያጣሩ። ዳር ያሉ ሳይቶች መዝገባቸው አዲስ አበባ ይሁን ሸገር ከተማ አስቀድመው ይጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ካልፈረሙ ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል፤ ከተፋታ የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ያምጣ። ሻጩ ባገኘው ትርፍ ላይ የሚታሰበውን 15 በመቶ ግብር ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ብዙ ጊዜ ገዢው ላይ ይወድቃልና።

ቤቱን ሲያዩ ከኖራ ቀለሙ ይልቅ ውሃውን ይመርምሩ። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሲመጣስ ከየትኛው ፎቅ በላይ እንደማይወጣ ደላላውን ሳይሆን ላይኛው ፎቅ የሚኖሩትን ይጠይቁ። ሻወር ቤቱን እንዲህ ይፈትሹ፦ የወለሉን ፍሳሽ በጨርቅና በፌስታል ይድፈኑ፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሙሉበት፣ 24 ሰዓት ይተዉት። በማግስቱ ከታች ያለውን ጎረቤት አስፈቅደው ኮርኒሱን በእጅዎ ይዳስሱ። እርጥበት ካለ ሴራሚኩ ተነስቶ ውሃ መከላከያ እንደ አዲስ መቀባት አለበት፤ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱት። የመጨረሻው ፎቅ ከሆነ በክረምት ይዩት፤ ኮርኒሱ ላይ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ተከራይን የሚያቆየው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ባለ 500 ሊትር ሮቶ 25 ጀሪካን ይይዛል፤ ለትንሽ ቤተሰብ ሁለት ሦስት ቀን ያዘልቃል። ሲሞላ ግን ግማሽ ቶን ስለሚመዝን በረንዳ ላይ አይቀመጥ። የእነዚህ ብሎኮች ወለል ብዙ ጊዜ በተገጣጣሚ ቢምና በብሎኬት የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ሮቶውን ከኮለን (ከቋሚ ምሰሶ) አጠገብ፣ ሰፊ መቆሚያ ላይ ያድርጉት።

ፊኒሺንግ ላይ ጂፕሰምና መብራት አያብዙ፤ ኪራዩን አይጨምሩም። የኩሽና ካቢኔት፣ ደህና በርና ንጹህ ሴራሚክ ይበቃሉ።

ሲያከራዩ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ ቢያንስ ለ2 ዓመት ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን። ቁልፍ በሚያስረክቡበት ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ንባብ ፎቶ አንሥተው ከውሉ ጋር ያያይዙት።