አውሬ ያስደነገጣቸው ዶሮዎች እንቁላል ሲያቆሙ ምን ይደረጋል?

ሸለምጥማጥ ሌሊት መጥቶ አንዲትም ዶሮ ሳይወስድ ቢመለስ እንኳ፣ በማግስቱ ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉበት ሳጥን ባዶ ሊሆን ይችላል። ዶሮ እንቁላል ለማቆም መነከስ አያስፈልጋትም፤ መፍራቷ ይበቃል። ስትደነግጥ የሚለቀቀው አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ወዲያው ሠርቶ ሊጣል የደረሰውን እንቁላል ያዘገየዋል። ፍርሃቱ ከተደጋገመ ደግሞ ኮርቲኮስቴሮን የተባለው ሆርሞን የመራቢያ ሆርሞኖቿን እያዳከመ አዲስ አስኳል ከኦቫሪ (አስኳል ከሚያድግበት የሰውነቷ ክፍል) እንዳይለቀቅ ያደርጋል። ሲብስ፣ አድገው የነበሩት አስኳሎች ተመልሰው በሰውነቷ ይመጠጣሉ።

አውሬ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ግን ሌላውን ይፈትሹ። ብርሃኑ በቀን ከ14 ሰዓት አንሶ ይሆን? ላባ እየጣሉ ይሆን? በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ተባዮች አሉ? ቁጥቋጦ ሥር የተደበቀ የእንቁላል ክምርም ብዙ ጊዜ ይገኛል። የፈራች ዶሮ የለመደችውን ሳጥን ትታ ሌላ ቦታ ትጥላለችና፣ «አቆመች» የተባለችው አንዳንዴ አላቆመችም።

ከሁሉ የሚሻለው ምስክር እንቁላሉ ራሱ ነው። አስኳሉ ከተለቀቀ በኋላ እንቁላሉ እስኪጣል ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል፤ 20 ሰዓት ያህሉን የሚያሳልፈው ቅርፊት በሚለብስበት የእንቁላል ቱቦዋ ክፍል ነው። ድንጋጤም አሻራውን የሚተወው በአብዛኛው ቅርፊቱ ላይ ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል እንቁላል ካገኙ፣ ዶሮዋ ከጊዜው በላይ ይዛው ተጨማሪ ካልሲየም ለብሷል። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ የዘገየው ሳይወጣ ሁለተኛው ደርሶበት ተጠጋግተዋል። በወገቡ ዙሪያ ቀበቶ የመሰለ ጉብታ ያለው ደግሞ ቅርፊቱ ገና ስስ ሳለ ውስጥ ተሰንጥቆ እዚያው የተጠገነ ነው፤ ዶሮዋ ሌሊት ከቆጥ ስትወርድ ወይም ከግድግዳ ስትጋጭ የሚሆነው ይህ ነው። ቡናማ ጣይ ዶሮ ድንገት የነጣ እንቁላል ከጣለች፣ ቀለሙ በብዛት በሚቀባበት በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ተረብሻ ሊሆን ይችላል። አንዲት ዶሮ ብቻ እንዲህ ብትጥል ከዕድሜ ወይም ከካልሲየም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት አራቱ በአንድ ጠዋት ከጣሉ ግን ሌሊቱን እንግዳ ሳይኖር አይቀርም።

እንግዳውን ለመለየት ሲመሽ በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የተነፋ አመድ ወይም ደቃቅ አሸዋ ይንዙ፤ ጠዋት ዱካውን ያያሉ። ቀን ቀን ደግሞ ድምፃቸውን ያዳምጡ። ጭልፊት ሲያዩ አንድ ረዘም ያለ ጩኸት አሰምተው ያጎነብሳሉ ወይም ወደ መጠለያ ይሮጣሉ፤ ውሻ ወይም ድመት ሲመጣ ግን አንገታቸውን አቅንተው እየቆራረጡ ይንጫጫሉ። አደጋው ከላይ ይሁን ከታች ከዚህ ይታወቃል።

ጥገናውን በዚያው ዕለት ይጀምሩ፤ አንዴ ምግብ የሸተተው አውሬ ተመልሶ ይመጣል። ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው ስስ የዶሮ ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ ውሻ እንዳይገባ አይከለክልም፤ ይቀደዳል። ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ የተበየደ ፍርግርግ ሽቦ ይጠቀሙ፤ በብሎንና በሮንዴላ ይታሰር እንጂ በስቴፕለር ብቻ አይያዝ። ከግድግዳው ግርጌ ወደ ውጭ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ መሬት ላይ ዘርግተው በአፈርና በድንጋይ ይጫኑት፤ ቆፋሪ አውሬ ግድግዳው ሥር ስለሚጀምር ጥፍሩ ሽቦው ላይ ያርፋል። የበሩ መቀርቀሪያ በአንድ እንቅስቃሴ የማይከፈት ይሁን።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እንቁላሉ ግን አይመለስም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አውሬው መግባት ባይችልም በሽቦው በኩል ይታያል፣ ይቧጥጣል። ዶሮ በጨለማ በደንብ ስለማታይ የምትሸሽበትን አታውቅም። ስለዚህ የግድግዳውን የታችኛውን 60 ሳንቲ ሜትር በጣውላ ይሸፍኑ፣ ቆጡንም ከሽቦ ግድግዳ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ያርቁት። ለአንዲት ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የቆጥ ቦታ ይበቃል። ቤቱን በላስቲክ ጥቅልል አድርጎ መሸፈን ግን ስህተት ነው፤ ከኩሳቸው የሚወጣው አሞኒያ የተባለ ጋዝ ሌላ ጭንቀት ይፈጥራልና ከቆጡ በላይ አየር ማስወጫ ይተዉ። እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ መብራት ካለዎት ወደ ውጭ ያዙሩት፤ ወደ ቆጡ ከበራ ከአውሬው በላይ የሚያስደነግጣቸው እሱ ነው። ለጭልፊት ከላይ መረብ መዘርጋት፣ ካልተቻለም ሮጠው የሚገቡበት ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ወይም ቁጥቋጦ በየሦስት አራት ሜትሩ ማኖር ይረዳል።

የተረፉትን ዶሮዎች ላባቸውን እየገለጡ ይዩ፤ የጥርስ ቀዳዳ ከላይ አይታይም። በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 9 ግራም ጨው አሟሙተው ቁስሉን ያጥቡ። ድመት ወይም ውሻ የነከሳት በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ትይ፤ ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም ጥርሱ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። የደነዘዘችውን ጨለም ባለ ሞቃት ካርቶን ውስጥ አስቀምጠው መጀመሪያ ውኃ ያቅርቡላት።

መኖ አይቀይሩ። ቫይታሚን ለመግዛት መሮጥም እንቁላሉን አያፋጥንም። የለመዱትን የእንቁላል ጣይ መኖ ለእያንዳንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም፣ የተከካ የኖራ ድንጋይ ወይም ዛጎል ደግሞ ለብቻው በሌላ ዕቃ ይስጡ። በሩ በተለመደው ሰዓት ይከፈት፣ ይዘጋ። የሞተውን ለመተካት አዲስ ዶሮ ማስገባቱን ለጥቂት ሳምንታት ያቆዩት፤ የበላይዋ ከሞተች የቀሩት ማን ማንን እንደሚቀድም ገና እየተናቆሩ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የደነገጡ ዶሮዎች በጥቂት ቀናት ይመለሳሉ። አስኳሎቻቸው ከተመጠጡ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ አስኳል ከትንሽነቱ ተነሥቶ ሙሉ እስኪሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ስለሚፈልግ ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ወለሉ ላይ ላባ መብዛት ከጀመረ ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ድንጋጤው ላባ ማስጣል ጀምሯል፣ እንቁላል የሚታየውም ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ነው። ላባ ሳይጥሉ አራተኛው ሳምንት ካለፈ አመዱን እንደገና ይንዙ፤ ዱካ ከሌለበት ዶሮዎቹን ለሐኪም ያሳዩ።