ሙሉ ስክሪን የሚሞላ የድረ-ገጽ ካርታ እንዴት ይሠራል? የጎጃምን ካርታ እየሠራን እንየው

ካርታ ያለበት ድረ-ገጽ ሲሠራ ብዙ ሰው ከላይ ነው የሚጀምረው። ትልቅ ሎጎ፣ ከሥሩ ሜኑ፣ ቀጥሎ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ። ካርታው የተረፈችውን ቦታ ይወስዳል። ባሕር ዳር መናኸሪያ ቆሞ በስልኩ መንገድ የሚፈልግ ሰው ግን ሎጎው ምኑም አይደለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። ስክሪኑ በሙሉ የካርታው ይሁን። ሌላው ነገር ከካርታው በላይ ይንሳፈፍ፤ እሱም ሥራ ካለው ብቻ።

ለምሳሌ የጎጃምን ካርታ እንውሰድ። ከባሕር ዳር ተነስቶ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ደጀን የሚደርሰው መንገድ፣ የጣና ገዳማት፣ ጢስ ዓባይ፣ ጮቄ ይኖሩበታል። መሣሪያችን ሊፍሌት (Leaflet) ነው። ዩክሬናዊው ቮሎዲሚር አጋፎንኪን በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነፃ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስብ ነው። ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይሠራል። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ትንሽ የነካካ ሰው አይቸገርም።

መጀመሪያ ቁመቱን ስጡት

ጀማሪን ሁሉ የሚያስደነግጠው ባዶው ገጽ ነው። ኮዱ ትክክል ነው፣ ስህተት የሚል ነገር የለም፣ ካርታው ግን የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካርታውን የሚይዘው ሳጥን ውስጡ ጽሑፍ ስለሌለ ቁመቱ ዜሮ ነው። ስፋቱን ራሱ ይሞላል፣ ቁመቱን ግን እናንተ ካልነገራችሁት አያውቀውም።

በሲኤስኤስ የገጹን ማርጂን ዜሮ አድርጉና ለካርታው ሳጥን 100 ቪኤች (100vh) ቁመት ስጡት። ይህ «የስክሪኑን ሙሉ ቁመት ያዝ» ማለት ነው። ላፕቶፕ ላይ አለቀ። ስልክ ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ። 100 ቪኤች የሚለካው የብሮውዘሩ የአድራሻ መስመር ተደብቆ እንዳለ አድርጎ ስለሆነ፣ መስመሩ ሲታይ የካርታው ግርጌ ከስክሪኑ ይወጣል። ግርጌ ላይ ያስቀመጣችሁት ቁልፍም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ 100 ዲቪኤች (100dvh) አለ። ከ2022 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ይቀበሉታል፤ የአድራሻ መስመሩ ሲመጣና ሲሄድ ቁመቱን አብሮ ያስተካክላል። ሁለቱንም ጻፉ፤ መጀመሪያ ቪኤች፣ ከሥሩ ዲቪኤች። አሮጌ ስልክ የማያውቀውን መስመር ዘሎ በመጀመሪያው ይሠራል።

የቪውፖርት (viewport) ሜታ ታጉንም እንዳትረሱ። እሱ ከሌለ ስልኩ ገጹን የኮምፒውተር አስመስሎ ያሳንሰዋል።

ካርታው ሲከፈት ምን ይታይ?

ብዙ መማሪያዎች መሃል ነጥብና የዙም ቁጥር ስጡ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዙም 8 ላይ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ወደ 182 ፒክስል ይሆናል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ 2.4 ዲግሪ ያህል ብንይዝ 437 ፒክስል ገደማ መሆኑ ነው። ላፕቶፕ ላይ ይበቃል፣ ይተርፋልም። 360 ፒክስል ስፋት ያለው ስልክ ላይ ግን ሁለቱም ዳር ይቆረጣል።

ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ክልሉን ስጡት። ደቡብ ምዕራቡን ጥግ 9.8 እና 36.2፣ ሰሜን ምሥራቁን ጥግ 12.1 እና 38.6 አድርጉና ፊትባውንድስ (fitBounds) የሚባለውን ትእዛዝ ጥሩ። የሚስማማውን ዙም ራሱ ይመርጣል። ስልኩ ላይ ወደ 7 ወርዶ ጎጃም በጣም ካነሰባችሁ የዙሙን የእርምጃ መጠን፣ ዙምስናፕን (zoomSnap)፣ 0.5 አድርጉት። 7.5 ላይ ይቆምና ስፋቱ 309 ፒክስል አካባቢ ይሆናል። በምስል የሚመጣ ካርታ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ግን ያስኬዳል።

ሊፍሌት መጀመሪያ ኬክሮስ፣ ከዚያ ኬንትሮስ ነው የሚፈልገው። የካርታ ዳታ የሚይዘው ጂኦጄሰን (GeoJSON) ፋይል ደግሞ በተቃራኒው ነው። የባሕር ዳርን 11.59 እና 37.39 ከገለበጣችሁት ምልክቱ ቱኒዚያና ሲሲሊ መካከል ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ቁጭ ይላል። ምልክቶቻችሁ ጠፉ? መጀመሪያ እዚያ ፈልጓቸው።

ፓነሉን የት እናድርገው?

ዋናው የዲዛይን ሥራ እዚህ ነው። የቦታዎች ዝርዝርና መፈለጊያ ሳጥን የሚይዝ አንድ ፓነል ያስፈልገናል። አንድ ይበቃል። ፖዚሽኑን አብሶሉት አድርጋችሁ ከካርታው በላይ አንሳፉት። ዜድ-ኢንዴክሱ ከ1000 በላይ ይሁን፤ የሊፍሌት የራሱ ቁልፎች 1000 ላይ ስለሆኑ ከዚያ ካነሰ በፓነሉ ላይ ይወጡበታል።

ላፕቶፕ ላይ ፓነሉ በግራ፣ 320 ፒክስል ስፋት ይኑረው። ስልክ ላይ ግን ይህ ስክሪኑን ሊጨርሰው ነው። ስለዚህ ስፋቱ ከ768 ፒክስል ሲያንስ ፓነሉ ወደ ታች ይውረድና ከስክሪኑ ቁመት 40 በመቶውን ይያዝ።

አሁን ካርታውን ክፈቱና ደጀንን ፈልጉ። የለም። ዓባይ በረሃም የለም። ደቡቡ ከፓነሉ ሥር ነው ያለው። ላፕቶፕ ላይም እንዲሁ፣ መስኮቱ ጠበብ ካለ እንጅባራና ቡሬ በግራው ፓነል ሊዋጡ ይችላሉ። ሊፍሌት ፓነል መኖሩን አያውቅም፤ ሙሉው ስክሪን ክፍት ይመስለዋል። ንገሩት። ፊትባውንድስ ፓዲንግ፣ ማለትም ከዳር የሚተው ባዶ ቦታ፣ ይቀበላል፦ ላፕቶፕ ላይ ከግራ 320፣ ስልክ ላይ ከታች የፓነሉን ቁመት ያህል። ያኔ ጎጃም በሙሉ በክፍቱ ቦታ ላይ ይሰፍራል። ሰው ዝርዝሩ ላይ «ዘጌ»ን ሲነካም ይህንኑ ፓዲንግ ተጠቀሙ። አለበለዚያ ካርታው ሄዶ ዘጌን ፓነሉ ሥር ይደብቃታል።

የመደመርና የመቀነስ ቁልፎች በታች ቀኝ ጥግ ቢሆኑ ለአውራ ጣት ይቀርባሉ። ስልክ ላይ የሊፍሌትን የታች ጥጎች በፓነሉ ቁመት ልክ ወደ ላይ ግፏቸው። የካርታው ዳታ የሚመጣበት የኦፕንስትሪትማፕ (OpenStreetMap) ስም ያለበት ትንሽ ጽሑፍም አብሮ ይወጣል። እሱን መደበቅ አይቻልም፤ ዳታውን በነፃ የምታገኙት ስሙን በመጥቀስ ነው። የነሱ የካርታ ምስል ሰርቨርም ብዙ ተጠቃሚ ላለው መተግበሪያ የተዘጋጀ አይደለም። ገጻችሁ ከገነነ ሌላ አቅራቢ ፈልጉ።

ካርታው በግማሽ ግራጫ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ሳጥኑ መጠኑን ቀይሯል፣ ሊፍሌት ግን አልሰማም ማለት ነው። መጠኑን እንደገና እንዲለካ ኢንቫሊዴትሳይዝን (invalidateSize) ጥሩት።

ጽሑፉና መፈለጊያው

የግዕዝ ፊደል ሲጠጋጋ አይነበብም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ተጠቀሙ፤ የመስመሩ ከፍታ 1.6 አካባቢ ይሁን። የመፈለጊያው ሳጥን ፊደል ከ16 ፒክስል አይነስ፤ ካነሰ አይፎን ሳጥኑ ሲነካ ገጹን ጎትቶ ያሳድገውና አቀማመጣችሁ ይበላሻል።

አንዱ «ባሕር ዳር» ይጽፋል፣ ሌላው «ባህር ዳር»። «ዓባይ» እና «አባይ»ም አሉ። ሁለቱም እኩል መገኘት አለባቸው። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው ቀይሩ፤ በመካከል ያለውን ክፍት ቦታም አውጡ። ይህን ካልሠራችሁ «ፍኖተሰላም» ብሎ የጻፈ ሰው «አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። ከተማው ዝርዝሩ ላይ እያለ!

በመጨረሻ «የት ነኝ?» የሚል ቁልፍ ጨምሩ። ብሮውዘሮች ቦታ የሚሰጡት ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ሲከፈት ብቻ ስለሆነ በተራው ኤችቲቲፒ ቁልፉ ዝም ይላል። ሰውየው ፈቃድ ከከለከለም ካርታው ካለበት አይነቃነቅ፤ በፓነሉ ላይ አንድ አጭር መስመር ጻፉለትና ዝርዝሩን ይጠቀም።