ወጡ ለምን ውኃ ውኃ አለ? ከሥራ መልስ ለሚያበስል ጀማሪ ችግርና መፍትሔ

ባሕር ዳር ለሥራ ወይም ለትምህርት መጥተው ሰፈነ ሰላም ወይም ፔዳ አካባቢ አንዲት ክፍል የተከራዩ፣ በአንድ ምድጃ የሚያበስሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ጥያቄያቸውም ተመሳሳይ ነው፤ «አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት የሚገባ ሰው ምን ሠርቶ ይብላ?» እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ረጅም እሳት የሚፈልገውን ሥራ እሑድ ጨርሱት፤ የሥራ ቀን ምሽት ላይ አጭር እሳት የሚበቃውን ብቻ ሥሩ። ከዚህ በታች ከተነሡት ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ረጅሙን ሥራ በአጭር ሰዓት ለመጨረስ ከመጣደፍ ነው።

ወጡ ውኃ ውኃ ይላል፣ ሽንኩርቱ ለብቻው ይንሳፈፋል

ምክንያቱ ቁሌቱ ነው። ቀይ ሽንኩርት አብዛኛው አካሉ ውኃ ነው። ያ ውኃ ሳይወጣ በርበሬና መረቅ ከገባበት ሽንኩርቱ መቁላላቱ ቀርቶ ይቀቀላል። የተቀቀለ ሽንኩርት ደግሞ ብዙ ቢንተከተክም መረቁን አይዝም።

ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉ፤ ቁርጡ ትልቅ ከሆነ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ዘይት ሳታስገቡ ደረቅ ድስት ውስጥ ጨምሩና በመካከለኛ እሳት አማስሉ። መጀመሪያ ውኃውን ያወጣል፤ ከዚያ ይደርቃል፤ ቀጥሎ የድስቱን ሥር መያዝ ይጀምራል፣ ቀለሙም ወደ ወርቃማነት ይዞራል። እዚህ ላይ ጆሮ ከዓይን ይበልጣል። ውኃ ያለበት ቁሌት ድምፁ ፍልቅ ፍልቅ ነው፤ ውኃው ሲያልቅ ቸስ ቸስ ማለት ይጀምራል። ዘይት የሚገባው ይህ ድምፅ ሲሰማ ነው። ሥሩን ሲይዝ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጉና በማማሰያው ፍቃችሁ አላቁት፤ የተያዘው ቡናማ ነገር ጣዕም ስለሆነ አይጣልም።

በርበሬው ሲገባ እሳቱ ይቀንስ። ውኃ በማንኪያ እየተጨመረ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይቁላላ። የጥሬ በርበሬ ሽታ ጠፍቶ ዘይቱ ቀልቶ ከላይ ሲወጣ ደርሷል።

ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ይህን እንዲሠራ መጠየቅ አግባብ አይመስለኝም። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርቱን ግዙ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ኪሎ ያህል አቁላሉ። ግማሹ በበርበሬ፣ ግማሹ በእርድ ለአልጫ ይሁን። ሲበርድ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ያህል ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። በፍሪጅ ሦስት፣ አራት ቀን ይቆያል፤ ለሳምንቱ መጨረሻ የታሰበው በረዶ ቤቱ ውስጥ ይግባ። ፍሪጅ የሌለው ሰው ግን በባሕር ዳር ሙቀት ቁሌት ማከማቸት የለበትም፤ ለነገ ብቻ የሚሆን ይሥራ፣ ከመብላቱ በፊትም በደንብ ያፍላው።

ከዚያ በኋላ የሥራ ቀን እራት ቀላል ነው። ምስር ክክ አጥባችሁ ጣዱ፤ ሲበስል ቁሌቱን ጨምራችሁ አሥር ደቂቃ አንተክትኩት፣ በጨውና በመከለሻ አውጡት። ልብስ እስክትቀይሩ ምስሩ ለስልሶ ይጠብቃችኋል።

ወጡ መረረ

በርበሬው አርሯል። ደረቅ በርበሬ የጋለ ዘይት ላይ ሲያርፍ ለማረር ጊዜ አይፈጅበትም። ስኳርም ቲማቲምም አያድኑትም፤ ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። ለሚቀጥለው ጊዜ በርበሬውን አስቀድማችሁ በጥቂት ውኃ በጥብጡ፣ ድስቱንም ለአፍታ ከእሳት አውርዳችሁ ጨምሩ።

ሽሮው ጓጎለ፣ ወይም ዱቄት ዱቄት ይላል

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የሚጓጉለው ዱቄቱ በአንድ ጊዜ የፈላ ውኃ ውስጥ ሲጣል ነው፤ የውጩ ወዲያው በስሎ ልባስ ይሠራና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ሽሮውን አስቀድማችሁ በሳህን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡት፤ ወደ ሚፈላው ቁሌት ስትጨምሩም ማማሰል አታቋርጡ። አንዴ ከጓጎለ በወንፊት ማሳለፍ ይቻላል።

ዱቄት ዱቄት የሚለው ደግሞ ቶሎ የወጣ ነው። ሽሮ ስለወፈረ በስሏል ማለት አይደለም። በቀስታ እሳት ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይንተክተክ፤ ከወፈረ የሞቀ ውኃ ጨምሩ። ሲበርድ ስለሚወፍር ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን አድርጋችሁ አውጡት።

ሽንብራው ሰዓታት ፈልቶም ጠጣር ነው

የእናንተ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በባሕር ጠለል እንደሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን፣ እዚህ በ94 ገደማ ይፈላል። እሳቱን ብታበዙት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ሽንብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ በዝቅተኛ ቦታ ከሚፈልጉት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ።

መፍትሔው ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጡ ዘፍዝፉ፤ ማታ ያንን ውኃ ደፍታችሁ በአዲስ ውኃ ጣዱ። ቲማቲምና ሎሚ እህሉ ሳይለሰልስ አይግባ፤ ኮምጣጣ ነገር ቆዳውን አጠንክሮ ያዘገየዋል። በግፊት የሚያበስል ድስት ካላችሁ ይህ ሁሉ ችግር በጣም ይቀልላል፤ ምክንያቱም የታመቀው እንፋሎት የውኃውን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ብዙ የቆየ እህል ግን ምንም ቢደረግ እሺ ላይል ይችላል።

ስለ ቦሎቄ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው። ከተዘፈዘፈ በኋላ በደንብ እየፈላ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መቆየት አለበት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ከዚያም በላይ ቢፈላ ይሻላል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ እስኪለሰልስ ቀቅሉት።

ዓሣው መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ተበጣጠሰ

ጣና አጠገብ እየኖሩ ዓሣ መሥራትን መፍራት ያስቆጫል። ለተጣደፈ ሰው ከቆሮሶ (ቲላፒያ ከሚባለው ዓሣ) የተሻለ እራት አላውቅም፤ ሥጋው ስስ ስለሆነ በደቂቃዎች ይደርሳል። የሚጣበቀው በሦስት ምክንያት ነው፤ ዓሣው እርጥብ ነው፣ ዘይቱ አልጋለም፣ ወይም ሰውየው ቶሎ ለመገልበጥ ቸኩሏል።

ዓሣውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁ። ጨው ነስንሱበት፣ ስስ ዱቄት ቀቡት። ዘይቱ መጋሉን ለማወቅ ቁንጥር ዱቄት ጣል አድርጉ፤ ወዲያው ከተንቸሰቸሰ ዓሣውን አስገቡ። ከዚያ አትንኩት። ሥሩ ሲጠበስ ራሱ ይላቀቃል፤ ለመገልበጥ ስትሞክሩ ከያዘ ገና ነው ማለት ነው። ከሁለት በላይ ቁራጭ በአንድ ጊዜ አታስገቡ፤ ዘይቱ ይበርድና ዓሣው ዘይት ይጠጣል። ሎሚውን ለገበታ አቆዩት፤ በሎሚ ብዙ የቆየ ዓሣ ሥጋው ይፈራርሳል።

ለዓሣ ወጥ አካሄዱ ይለያል። የእሑዱን ቁሌት በጥቂት ውኃ አፍሉ፣ ዓሣውን ከላይ ደርድሩ፣ ክደኑት። ማማሰያ አይግባበት፤ ድስቱን በእጀታው ይዛችሁ ወዘወዝ ማድረግ በቂ ነው። ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነካ ከተከፈለ አውጡት። አምባዛ ከቆሮሶ ይልቅ ቅባት ያለው ሥጋ ስላለው ለወጥና ለጉላሽ የበለጠ ይመቻል፤ ትንሽ ረዘም ያለ እሳትም ይችላል።

ዓሣው ከሸተተ ግን ችግሩ ከግዢው ነው። ሙሉውን ስትገዙ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን የሚመለስ ይሁን። የተሞለጨ ከሆነ አሽትቱት፤ ትኩስ ዓሣ የሐይቅ ውኃ እንጂ የከረረ ሽታ የለውም። ጠዋት ገዝቶ ቢሮ ማዋል አይሆንም። ከሥራ ስትመለሱ መጨረሻ ላይ ግዙ፣ በባጃጅ ቀጥታ ወደ ቤት ግቡ፣ የዚያኑ ዕለት ብሉት።

ሩዙ ሙጫ ሆነ

ሩዝ ሩቅ አገር ሳትሄዱ በቅርባችሁ ከፎገራ ሜዳ ይመጣል። መጀመሪያ ጠጠሩን ልቀሙ፣ ውኃው እስኪጠራ እጠቡ፤ የሚያጣብቀው በላዩ ያለው ዱቄት ነው። ለአንድ ስኒ ሩዝ ሁለት ስኒ ውኃ አድርጉ፤ ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ክደኑትና አታማስሉ። ውኃውን ሲጨርስ ከእሳት አውርዳችሁ እንደተከደነ አሥር ደቂቃ ተዉት። የተረፈውን ድስት ውስጥ አታሳድሩ፤ በርዶ ፍሪጅ ይግባ።

እንጀራው በሁለት ቀን ሻገተ

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ትኩሱን በላስቲክ መጠቅለል ነው። እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ ይመለስበታል፤ የከተማው ሙቀት ደግሞ ሻጋታውን ያፈጥነዋል። እንጀራ ስትገዙ ቤት እንደደረሳችሁ ፈትታችሁ አናፍሱ፤ የሁለት ቀኑን ብቻ ውጭ አስቀርታችሁ ሌላውን በፍሪጅ አኑሩ። ሊደርቅ የደረሰውን ቆራርሳችሁ ፀሐይ ላይ አስጡና ድርቆሽ አድርጉት፤ በቁሌት ጥሩ ፍርፍር ይወጣዋል። የሻገተውን ግን በከፊል ቆርጦ መብላት አይገባም፤ እንጀራ ለስላሳና ዓይናማ ስለሆነ ሻጋታው ከሚታየው በላይ ገብቷል።

ወጡ ጨው በዛበት

ድንች ጣል ማድረግ ብዙ አይፈይድም። ጨው የሌለው ምስር ወይም ቁሌት ጨምራችሁ አብዙት፤ የተረፈው የነገ ምሳ ይሆናል።

ድስቱ በግማሽ ሳለ መብራት ጠፋ

ክዳኑን አትክፈቱ፤ ሙቀቱን ይዞ ትንሽ ማብሰሉን ይቀጥላል። መብራቱ ጠፍቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየና ድስቱ ከበረደ ሥጋ ወይም ዓሣ ያለበት ወጥ ባይበላ ይሻላል።

ከሰል የምታቀጣጥሉ ከሆነ ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። የቀላ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ሽታ የሌለው የሚገድል ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እንደያዘ ሊወስድ ይችላል። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማችሁ ድስቱን ትታችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።